ከሽምደዳ ወደ ዕውቀት፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስለሚፈተኑባቸው ትምህርቶች



በየዓመቱ የክረምቱ መግቢያ ሲቃረብ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት የየካ ሰፈሮች የብዙ ቤተሰብ አሳብ በአንድ ጉዳይ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። እናት ልጇን ከጓዳ ሥራ ታሳርፋለች፤ አባት የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ታናናሾች እንዳይንጫጩ ይገሠጻሉ። በቁምስናዎቻችንም ከመዘምራንና ከወጣቶች ማኅበር መካከል ብዙዎቹ ለጥቂት ወራት ከዓይናችን ይሰወራሉ። ፈተናው ሲያልፍ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ውጤቱ ከተነገረ በኋላ አይመለሱም፤ ሰው ፊት መቆም ያፍራሉና።

የዚህን ኀፍረት ስፋት ለመረዳት ቁጥሮቹን መመልከት ይበቃል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ፣ ከተፈታኞች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ነበሩ። መጠኑ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከ91 የማያንሱት የተመኙትን አላገኙም። እነዚህ ልጆች የእኛ ናቸው፤ አጥምቀን፣ አቍርበን፣ ትምህርተ ክርስቶስ አስተምረን ያሳደግናቸው ናቸው።

እንግዲህ በዚህ ጥናት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ልጆቻችን በምን በምን ትምህርት እንደሚፈተኑ፤ ሁለተኛ፣ አንድን ትምህርት በመሸምደድና በማወቅ መካከል ያለውን ልዩነት፤ ሦስተኛ፣ ፊዚክስም ሆነ ኬሚስትሪ ተምሮ የማያውቅ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር እንኳ ለተማሪው ሊያደርግለት የሚችለውን እርዳታ።

1. ፈተናውና ትምህርቶቹ

ተማሪዎች በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ይከፈላሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በአፕቲቲዩድ ይፈተናሉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊ፣ በኢኮኖሚክስና እንደዚሁ በአፕቲቲዩድ ይፈተናሉ። አፕቲቲዩድ የሚባለው የቃላትንና የቁጥርን አስተሳሰብ የሚመዝን ፈተና ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ ስለሚታረም ድምሩ 600 ይሆናል፤ ግማሹም 300 ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተማሪ በወረቀት ፈንታ በኮምፒውተር ይፈተናል።

ይህ አካባቢ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ የራሱ ቦታ አለው። ከጠላት ወረራ በኋላ የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ ነው፤ ስሙም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ነበር። በዚያን ዘመን ከፍተኛ ትምህርት የሚፈልግ ተማሪ የሚቀመጠው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር። ቆይቶ ማትሪክ የተባለው የራሳችን ፈተና መጣ፤ ስሙም ፈተናው ከቀረ በኋላ እንኳ ከሕዝቡ አፍ አልጠፋም። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ በሚገኘው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተማሩት ከካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ አባ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቁመው መርተዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም።

አሁን ስለ ነጥቡ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ጥያቄው አራት ምርጫ ሲኖረው፣ ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር ከመቶው 25 ያህል ይገጥምለታል። አሁን ከመቶው ጥያቄ 34ቱን በእርግጥ የሚያውቅ ተማሪ እናስብ። የቀሩትን 66 በግምት ቢያጠቁር ከአራት አንዱ፣ ማለትም 16 ወይም 17 ያህሉ ይገጥምለታል፤ ድምሩም 50 ይሆናል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ፈተና 50 ማግኘት ግማሹን ማወቅ ማለት አይደለም፤ ከሦስት አንዱን በእርግጥ ማወቅ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ሁለት ነገር ያስተምረናል። በአንድ በኩል መሰናክሉ ሊዘለል የማይችል አይደለም። በሌላ በኩል ሌሊቱን ሙሉ ሲያነቡ የኖሩ ልጆች ከሦስት አንዱን እንኳ በእርግጥ ሳይዙ መቅረታቸው፣ ያነበቡት ነገር ቃል ሆኖ ቀረ እንጂ ዕውቀት እንዳልሆነላቸው ያሳያል። ይህን ስንል ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ማለታችን አይደለም። የመጻሕፍት እጥረት፣ የክፍል መጣበብ፣ የቤት ችግር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በቤቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ የሚነጋገር ልጅ አንድን አሳብ ለመረዳት አስቀድሞ ቋንቋውን መሻገር ይኖርበታል። መሻገሩ ሲያቅተው ሳይረዳው ቃሉን እንዳለ ይይዘዋል። ሽምደዳ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

2. ትምህርቶቹ ከደጃችን

መሸምደድና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለፈተና ከሚጠኑት ትምህርቶች አብዛኞቹ በእንጦጦ ተራራ ላይ ይገኛሉ።

ጂኦግራፊ፦ ተማሪው ስለ ወንዞች ተፋሰስ ሲያጠና ስሞችን በተራ ይደረድራል። ይሁን እንጂ እንጦጦ ራሱ የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ነው። በተራራው ደቡባዊ ገጽ የወረደ ዝናብ በቀበና ወንዝ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በሰሜኑ ገጽ በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ሄዶ መጨረሻው የሜዲትራንያን ባሕር ነው። በአንድ ደመና ውስጥ የነበሩ ሁለት ጠብታዎች ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ስለ ወረዱ ብቻ አንዱ በበረሃ፣ አንዱ በባሕር ይቀራል። ይህን የተረዳ ተማሪ ተፋሰስ ምን እንደሆነ ዳግመኛ አይረሳም።

ፊዚክስ፦ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ቢባል ተማሪው «በ100» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ልክ የሚሆነው ግን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ላለ ሰው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ቀድሞ ይፈላል። በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ በ89 ገደማ ነው። ባቄላና ሽንብራ በደጋ ቶሎ የማይበስለው፣ ክዳኑ የተገጠመ የግፊት ድስት የሚረዳውም ስለዚህ ነው። እናቶቻችን ነገሩን በልምድ ያውቁታል፤ ልጃቸው ምክንያቱን በክፍል ይማራል። የሁለቱ ዕውቀት ግን በአንድ ምድጃ ዳር ሳይገናኝ ይቀራል።

ባዮሎጂ፦ «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ተማሪ ትርጉሙን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ጥያቄውን ለወጥ አድርገን፣ «በእንጦጦ የሚታየው ይህ ሁሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ከየት መጣ?» ብንለው «ከአፈሩ» ማለቱ አይቀርም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቫን ሄልሞንት የተባለ የብራስልስ ሰው 90 ኪሎ ያህል አፈር መዝኖ በገንዳ ውስጥ የአኻያ ችግኝ ተከለ፤ አምስት ዓመትም ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ አፈሩ ግን የጎደለው ከ60 ግራም የማይበልጥ ነበር። እርሱ ሁሉ ነገር ከውኃው የመጣ መሰለው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የዛፉ አካል ከውኃና ከአየር፣ ይኸውም በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል እንደሚሠራ ደረሱበት። ከእንጦጦ ጎብጣ የምትወርደው እናት የተሸከመችው እንጨት እንግዲህ አብዛኛው ከአየርና ከውኃ የተሠራ ነው። ስታነደውም ወደዚያው ወደ አየሩ ይመለሳል።

ኬሚስትሪ፦ ይህ ትምህርት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ኦክሲጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። በመሆኑም ሰውየው ሳያውቀው ደሙ ኦክሲጅን ያጣል፤ ራሱን ያመዋል፣ ያንቀላፋል፣ ከዚያም ላይነቃ ይችላል። በየካና በእንጦጦ ግርጌ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ተማሪውም ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያጠናል። የኬሚካሉን ቀመር በደብተሩ ላይ በትክክል ጽፎ ከዚያው ምድጃ አጠገብ የሚተኛ ልጅ ትምህርቱን ተምሮታል ልንል እንችላለን? ከሰል ባለበት ክፍል መስኮት ይከፈት፤ ለመኝታ ጊዜ ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ። ከዚህ ጥናት ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ታሪክና ኢኮኖሚክስ፦ ተማሪው «አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች» ብሎ ያጠናል። ዳግማዊ ምኒልክ ከዚያ በፊት ከተማቸው እንጦጦ እንደነበረ፣ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም እንደነበረ ይጨምራል። ከተማይቱ ከተቈረቈረች በኋላ ምን እንዳስቸገራት ግን አይጠይቅም። ያስቸገራት እንጨት ነበር። በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በፍጥነት ስላለቀ፣ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ፈጥኖ በማደጉ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። ኢኮኖሚክስ እጥረት የሚለውን ቃል የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ደግሞም ሰው አንዱን ሲመርጥ የሚተወው ነገር ዋጋ እንዳለው ያስተምራል። እንጨት ለመልቀም የዋለች ልጃገረድ ያገኘችው የሸክሟን ዋጋ ነው፤ የተወችው ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ነው። ይህን ሒሳብ የሚያውቅ ቤተሰብ ሴት ልጁን ከወንድሟ እኩል ለማስጠናት ይገደዳል።

3. የቤተ ክርስቲያን አሳብ ስለ ትምህርት

አንዳንድ ምእመናን ዓለማዊ ትምህርት ለእንጀራ፣ ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ ለነፍስ ነው ብለው ሁለቱን ይለያዩአቸዋል። የቤተ ክርስቲያን አሳብ ግን እንዲህ አይደለም። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ሰው ሁሉ የመማር መብት እንዳለው አረጋግጧል። በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ሥፍራ ባወጣው ሰነድም፣ ፍጥረታት የራሳቸው ሕግና ሥርዓት እንዳላቸው፣ ያንንም በትዕግሥትና በቅንነት የሚመረምር ሰው ሳያውቀው እንኳ በእግዚአብሔር እጅ እንደሚመራ አስተምሯል። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እምነትና አእምሮ እርስ በርሳቸው እንደሚፈላለጉ በሐዋርያዊ መልእክታቸው ጽፈዋል።

ስለዚህ ውኃ ለምን በ89 ዲግሪ እንደሚፈላ የሚጠይቅ ተማሪ ፈጣሪ በሥራው ላይ ያኖረውን ሥርዓት እየጠየቀ ነው። የሚሸመድደው ግን የጠየቀው ነገር የለም፤ የሌላውን ሰው መልስ ለጥቂት ሳምንት በአደራ አስቀምጦ ይመልሳል።

የአገራችንም የቀለም ትምህርት ይህን ልዩነት ያውቃል። ንባቡና ዜማው በቃል ይያዛል፤ በቃል መያዝ የተናቀ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ተማሪው የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማለፍ አይችልም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይዘርፋል፤ መምህሩም ያርመዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል የወጣው ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ነው ብንል አንሳሳትም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በዚሁ ሥርዓት ያደጉ የጎጃም ሊቅ ነበሩ። ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ የያዙትን ጥያቄ ሳይተዉ እስከ ግብፅና እስከ ሮም ደረሱ። እውነት ብለው ላመኑበትም እ.ኤ.አ. በ1855 በእስራት ሳሉ ሞቱ። ጥያቄን ይዞ መጽናት ለእርሳቸው የቅድስና መንገድ ሆነላቸው።

4. ስለ ኩረጃ

ስለ ኩረጃ በግልጽ መነጋገር ያስፈልገናል። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊው ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣታቸው ፈተናው ተቋርጦ ከወር ያህል በኋላ በሌላ ጥያቄ እንዲሰጥ ግድ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ነው፣ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ፣ ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲቀመጡ የተደረገው።

የጥበቃው መጥበቅ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኅሊናን ጥበቃ ብቻ አይሠራውም። ኩረጃ በሰባተኛውም በስምንተኛውም ትእዛዝ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። የማይገባንን ስለምንወስድ ስርቆት ነው፤ የማናውቀውን እንደምናውቅ ስለምናስመሰክር ሐሰት ነው። የሚሰረቀውም መልስ ብቻ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ውስን ስለሆነ ከማናውቀው ሌላ ልጅ ዕድል ላይ ይወሰዳል። ይህን ለልጆች ስናስተምር ደግሞ ወላጆችም ሊሰሙን ይገባል። ለልጁ «እንደምንም ብለህ እለፍ» የሚል አባት «እንደምንም» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያካትት አስቦ ይናገር።

በጸሎትም ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፈተና በፊት መጸለይ መልካም ነው፤ ተማሪዎች ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖን አማላጃቸው ማድረጋቸውም የተለመደ ነው። ሆኖም ያላጠናነውን መልስ ከሰማይ እንዲወርድልን መለመን በጸሎት ስም ኩረጃ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የምንለምነው ያወቅነውን በሰላም እንድናስታውስ፣ ያላወቅነውንም በእውነት እንድንተው ነው።

5. ከውጤቱ በኋላ

በ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ የማይታለፍ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ግሬጎር ሜንደል ነው። ሜንደል በብሩኖ ከተማ የአውጉስጢናውያን መነኵሴና ካህን እንደነበረ፣ በኋላም የገዳሙ አበምኔት እንደሆነ ለተማሪዎቻችን የሚነግራቸው ጥቂት ሰው ነው። ከዚህም ይልቅ የማይነገራቸው ነገር አለ። ሜንደል ለመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1856 ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አላለፈም። ቢሆንም በገዳሙ አትክልት ቦታ የአተር ዘር መዝራቱንና መቍጠሩን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ጽሑፍም ዋጋው የታወቀው ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው። ፈተና የወደቀው መነኵሴ ዛሬ የፈተና ጥያቄ ሆኗል።

ይህን የምንናገረው መውደቅ ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ውጤት በር ይከፍታል፤ በር ይዘጋል። ነገር ግን ፈተና የሚመዝነው በአንድ ሰሞን የታየውን ዕውቀት ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ደግሞም ሌሎች በሮች አሉ። ከ50 በታች አምጥተው ለነጥቡ የቀረቡ ተማሪዎች የሚገቡበት ረሚዲያል የተባለው የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰጥቷል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ። የቀድሞው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ግቢ እንኳ ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። እጅን የሚያስተምር ሙያ በናዝሬት አናጢ ቤት ያደገውን ጌታ ለምናመልክ ለእኛ የተሸናፊዎች መሸሸጊያ ሊመስለን አይገባም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ የተነገረውን የመክሊት ምሳሌ እናስብ። ሁለት የተቀበለውና አምስት የተቀበለው ከጌታቸው የሰሙት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው። የተወቀሰው ጥቂት ያገኘ ሳይሆን ፈርቶ የቀበረ ነው። ልጆቻችን በኀፍረት ራሳቸውን እንዳይቀብሩ መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።

6. ቁምስናው ምን ያድርግ?

ሀ. ቦታና ብርሃን ይስጥ። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆነው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጸጥታ ትልቅ ስጦታ ነው። የቁምስናው አዳራሽ ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት በሳምንት ጥቂት ማታዎች ይከፈት። ሴቶች ልጆች ሳይመሽባቸው ወደ ቤታቸው የሚደርሱበት ሰዓትና ሸኚ ይዘጋጅ።

ለ. ተማሪው ያስረዳ፣ መምህሩ ይስማ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሚያደርገው ዋናው እርዳታ ይህ ነው፤ ዲግሪም አይጠይቅም። ተማሪው በዕለቱ ያጠናውን አንድ አሳብ መጽሐፉን ዘግቶ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያስረዳው። መምህሩም ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፦ ነገሩ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ? በሰፈራችን የት ይታያል? ተማሪው ሦስቱን ከመለሰ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይበለው። ከተሰናከለ ደግሞ የተሰናከለበትን ቦታ ራሱ ያገኘዋል፤ ነገ የሚያጠናውም ያንን ነው። እናትም ሆነች አያት በቤት ውስጥ ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ማስረዳት የሚፈልግ ሰው በቂ ነው፤ «አልገባኝም» ለማለት የማያፍር ሰሚ ብቻ ያስፈልጋል።

ሐ. ቀድመው ያለፉት ይመለሱ። ከቁምስናው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም ጨምሮ፣ በዕረፍታቸው ወቅት ለታናናሾቻቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስጠኑ ይጋበዙ። በነጻ የተቀበሉትን በነጻ ቢሰጡ ለእነርሱም በረከት ነው።

መ. ወላጆች ይመከሩ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያነበበውን አይዝም፤ ስለዚህ ልጁ ይተኛ። ከጎረቤት ልጅ ጋር አይነጻጸር። የቤት ሥራ በሴቷ ላይ ብቻ አይጫን። ከሰሉም፣ እንዳልነው፣ ከክፍሉ ይውጣ።

ሠ. ውጤት በተሰማ ሳምንት ይጎብኙ። ያለፈውን እንኳን ደስ አለህ ለማለት ብዙ ሰው ይሄዳል። ቆሞሱና የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ግን አስቀድመው ወዳላለፈው ቤት ይሂዱ፤ ቡና ይጠጡ፤ በሚቀጥለው እሑድ በመዘምራኑ መካከል ቦታው እንደሚጠብቀው ይንገሩት።

መደምደሚያ

ልጆቻችን የሚፈተኑባቸው ትምህርቶች ከእምነታቸው ውጭ ያሉ ሸክሞች አይደሉም። ውኃው፣ ዛፉ፣ ተራራው፣ የሕዝባችን ታሪክ፣ ሁሉም እግዚአብሔር የሰጠን ናቸው፤ እነርሱን በእውነት ማወቅም እርሱን ማክበር ነው። በእውነት ያወቀ ተማሪ ፈተናውን የማለፍ ዕድሉ ይሰፋል፤ ባያልፍም እንኳ ያወቀው አብሮት ይኖራል። የሸመደደው ግን ፈተናው ባለቀ ማግሥት ይረሳል፤ ከወደቀ ደግሞ በእጁ የሚቀር ነገር የለውም። በዚህ መካከል የእኛ ድርሻ ቀላል ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጠን «እስቲ አስረዳኝ» ማለት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ዘንድሮ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁት ስንት ናቸው? ስማቸውንስ እናውቃለን?

2. ካለፈው ፈተና በኋላ ከማኅበራችን የራቁ ወጣቶች አሉ? ማን ይጎብኛቸው?

3. በቤታችን የሴትና የወንድ ልጆቻችን የጥናት ሰዓት እኩል ነው?

4. በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ተማሪ ያጠናውን አንድ አሳብ በአማርኛ ያስረዳን። ያልገባን የት ላይ ነው?

የጥበብ ምንጭ የሆነው መንፈስ ቅዱስ የተማሪዎቻችንን አእምሮ ያብራ፤ የእኛንም ጆሮ ለመስማት ያዘጋጅ። አሜን።